የረገፈው ቅጠል የከርሞ ቡና ነው
የቡና ተክል ሲራቆት ምክንያቱን ለይቶ ማወቅ ለገዢም ለባለ ማሳም የገንዘብ ጉዳይ ነው

ጥቅምት ገብቶ ቡናው መቅላት ሲጀምር ወደ ጅማ፣ ወደ ቦንጋ፣ ወደ ሚዛን ወይም ወደ ይርጋ ጨፌ የሚወርደው ነጋዴ በመጀመሪያ የሚያየው ፍሬውን ነው። ቅርንጫፉ በፍሬ ተጎንብሶ ካገኘው ማሳው ጥሩ ነው ብሎ ይደመድማል። ከቅጠሉ ግማሽ ያህሉ ረግፎ ቢያገኘው እንኳ ብዙም አያስጨንቀውም። «ፍሬው እንዲህ ጎልቶ የታየው ቅጠሉ ስለተነሳለት ነው» ብሎ የሚያሳምን ደላላም አይጠፋም።

የዚያኑ ሳምንት እሸት ቡና ገዝቶ ለሚመለስ ሰው ይህ አስተያየት ብዙ ላይጎዳ ይችላል። የቡና እርሻ ለመግዛት ለሚደራደር፣ ማሳ በኮንትራት ለሚይዝ ወይም ለከርሞ ምርት ቅድሚያ ክፍያ ለሚሰጥ ሰው ግን የተራቆተ ተክል ትልቅ ማስጠንቀቂያ ነው። የኪሳራው መጠን የሚታወቀው ደግሞ ገንዘቡ ከወጣ ከዓመት በኋላ ነው።

ምክንያቱ በተክሉ አፈጣጠር ላይ ነው። ዐረቢካ ቡና ፍሬ የሚይዘው ባለፈው የዕድገት ወቅት በወጣ እንጨት ላይ ነው። ዘንድሮ በክረምቱ የረዘመው የቅርንጫፍ ጫፍ በበጋው መጨረሻ ያብባል፤ አበባው ፍሬ ሆኖ የሚለቀመው በሚቀጥለው ጥቅምትና ኅዳር ነው። እንግዲህ በአንድ ተክል ላይ በአንድ ጊዜ ሁለት ምርት አለ ማለት ይቻላል፤ አንዱ ቀልቶ የሚታየው ፍሬ፣ ሌላው ገና እያደገ ያለው ባዶ ጫፍ። ሁለቱንም የሚመግበው ያው ቅጠል ነው። ቅጠሉ ሲያንስ ተክሉ ያለውን ምግብ አስቀድሞ ለፍሬው ይሰጣል፤ ጫፉ ይራባል፣ ዕድገቱ ያጥራል፣ ሲብስም ከጫፉ ጀምሮ ይደርቃል። በዚህ የተነሳ የዘንድሮው ለቀማ ደህና ሆኖ ሳለ የከርሞው ሊወድቅ ይችላል። አምና ስንት ኩንታል እንደተገኘ በሚያሳይ ደረሰኝ ብቻ እርሻ የሚገዛ ሰው የሚስተው ይህንኑ ነው።

ቡና ቅጠሉን የሚጥልበት ምክንያት ግን አንድ አይደለም። በሽታ፣ የምግብ እጥረት፣ የፍሬ መብዛት፣ ድርቅ፣ ውኃ መተኛት፣ ትልና የለቃሚ እጅ ሁሉም ቅጠል ያረግፋሉ። መድኃኒታቸው ግን ለየቅል ነው። ለአንዱ የሚረጨው ኬሚካል ለሌላው ምንም አይፈይድም፤ ለአንዱ የሚደረገው ማዳበሪያ የሌላውን ሞት አያዘገይም። ስለዚህ መርጫ ከመከራየት በፊት የረገፈው የትኛው ቅጠል እንደሆነ፣ ከተክሉ የት እንደነበረ፣ ርግፈቱ በማሳው ሁሉ እኩል ይሁን ወይም በቦታ በቦታ ተለይቶ ይታይ እንደሆነ መመልከት ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የቡና ቅጠል ዋግ ነው። ለመለየትም ከሁሉ የሚቀለው እርሱ ነው። ገና ያልረገፈ ቅጠል ተይዞ ከላይ ሲታይ ክብ የሆነ ደብዛዛ ቢጫ ነጥብ ይኖረዋል። ቅጠሉን ገልብጦ ከሥሩ ማየት ግድ ነው፤ ዋግ ከሆነ በዚያው ነጥብ ሥር ብርቱካንማ ዱቄት ይገኛል፤ በጣት ሲነካም እንደ ዝገት ጣት ላይ ይቀራል። ሌላ የቅጠል በሽታ እንዲህ ያለ ዱቄት የለውም። ከመኪና ሳይወርድ ማሳ የሚጎበኝ ባለሀብት ይህን ሊያይ አይችልም።

በሽታውን የሚያመጣው ሄሚሊያ ቫስታትሪክስ የሚባል ሻጋታ ነው። ሁለተኛው ስም «አውዳሚዋ» ማለት ነው፤ ስያሜው የወጣለት እ.ኤ.አ. በ1869 ከሲሎን፣ ማለትም ከዛሬዋ ስሪላንካ፣ በተላከ ቅጠል ላይ ተመርምሮ ነው። ሲሎን በዚያ ዘመን ከዓለም ዋና ዋና ቡና ላኪዎች አንዷ ነበረች። በሃያ ዓመት ገደማ ውስጥ የቡና እርሻዋ ፈርሶ መሬቱ በሻይ ተተካ። ሻጋታው እ.ኤ.አ. በ1970 ብራዚል ባሂያ ውስጥ ተገኘ፤ በተከታዮቹ ዓመታትም የላቲን አሜሪካን የቡና አገሮች ተዳረሰ። እስከዚያ ድረስ ነፃ የነበረችው ሃዋይ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2020 አገኘችው።

የሻጋታው አሠራር ለሕክምናው ቁልፍ ነው። ብናኙ በነፋስ፣ በዝናብ ርጭትና በሰው ልብስ ላይ ሆኖ ይዛመታል። ለመብቀል ቅጠሉ ለተወሰኑ ሰዓታት በውኃ እንደራሰ መቆየት አለበት፤ ሙቀቱ ከ21 እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ደግሞ በጣም ይስማማዋል። የሚገባው በቅጠሉ ሥር ባሉት መተንፈሻ ቀዳዳዎች ነው። ከገባ በኋላ ምልክቱ እስኪታይ እንደ አየሩ ሁኔታ ከሦስት እስከ ሰባት ሳምንት ያህል ይወስድበታል። ስለዚህ በኅዳር መሬት ላይ ተነጥፎ የሚታየው ቅጠል የታመመው ዝናቡ ሳይወጣ ነው። በኅዳር ደንግጦ መድኃኒት የሚገዛ ሰው የሚረጨው ሥራውን በጨረሰ በሽታ ላይ ነው።

ሌላም ብዙ ጉልበት የሚባክንበት ነገር አለ። አንዳንድ ባለ ማሳዎች የረገፈውን ቅጠል አስጠርገው ያቃጥላሉ። የዋግ ሻጋታ የሚኖረው ሕይወት ባለው የቡና ቅጠል ላይ ብቻ ነው፤ በደረቀ ቅጠልና በአፈር ውስጥ አይከርምም። ለከርሞ የሚሸጋገረው ዛፉ ላይ በቀሩት ቅጠሎች ነው። የወደቀውን ማቃጠል እንግዲህ ለቡናው የጉዝጓዝና የማዳበሪያ ምንጭ የሚሆነውን ማጥፋት ነው፤ ለቀን ሠራተኛ የተከፈለውም ሒሳብ ከንቱ ይቀራል።

ዋግ በኢትዮጵያ ቡና አብቃይ አካባቢዎች ሁሉ ለረጅም ጊዜ የቆየ ሆኖ ሳለ እንደ ሲሎን አገር አላጠፋም። ለዚህ ሦስት ነገሮች ይጠቀሳሉ። በጫካና በከፊል ጫካ ያለው ቡና ዝርያው እጅግ የተደባለቀ ስለሆነ አንዱ ሲጠቃ ጎረቤቱ ይተርፋል። የዋንዛው፣ የብሳናውና የሰሳው ጥላ ተክሉ ከአቅሙ በላይ ፍሬ እንዳይሸከም ያደርጋል። ሦስተኛው ነገር ብዙ ሰው የማያውቀው ነው፤ የዋጉን ሻጋታ የሚበላ ሌላ ሻጋታ አለ። በቅጠሉ ሥር ባለው ብርቱካንማ ዱቄት ላይ ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር ተዘርግቶ ከታየ ያ ጠላት ሳይሆን ወዳጅ ነው። በደቡብ ምዕራብ ጫካዎች ውስጥ ዋግ ባለበት ሁሉ እርሱም በብዛት ይገኛል። ነጩን አይቶ «አዲስ በሽታ መጣ» ብሎ ፀረ ሻጋታ የሚያስረጭ ሰው የራሱን ዘበኛ ይገድላል።

አሳሳቢው ነገር እነዚህ ሦስቱ ጥበቃዎች በዘመናዊ እርሻ ላይ አንድ በአንድ የሚነሱ መሆናቸው ነው። ባለሀብት ጫካ መንጥሮ፣ አንድ ዓይነት ዝርያ በመስመር ተክሎ፣ ጥላውን ቀንሶ ምርት ሲያበዛ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዓመታት ኩንታሉ ያስደስተዋል። ዳሩ ግን ያ እርሻ ከጫካው ይልቅ ለሲሎን ይቀርባል። እንዲህ ያለው እርሻ ማዳበሪያና ቁጥጥር ሳይጓደልበት ከተያዘ ያዋጣል፤ እንደ ጫካ ቡና በራሱ እንዲኖር ከተተወ ግን አይኖርም። ገዢው ለእርሻው ዋጋ ሲሰጥ ይህንን የዘወትር ወጪ ቀድሞ ማስላት ይኖርበታል።

በቅጠሉ ሥር ዱቄት ካልተገኘ ቀጥሎ የሚጠረጠረው ረሃብ ነው። ናይትሮጂን ሲያጥር ተክሉ ከአሮጌው ቅጠል ወስዶ ለአዲሱ ይሰጣል፤ ስለዚህ ቢጫ ሆኖ የሚረግፈው በቅርንጫፉ ውስጥና ታች ያለው አሮጌ ቅጠል ነው፤ ቢጫነቱም በቅጠሉ ሁሉ ላይ እኩል ይሰራጫል። ማግኒዚየም ሲያጥር ደግሞ የቅጠሉ ሥሮች አረንጓዴ እንደሆኑ ይቀሩና በመካከላቸው ያለው ይገረጣል። ብረት ሲያጥር ነገሩ ይገለበጣል፤ የሚገረጣው ጫፍ ላይ ያለው አዲሱ ቅጠል ነው። በደቡብ ምዕራብ አፈሩ ጎምዛዛ የሆነባቸው ቦታዎች ስላሉ ማዳበሪያ ከመግዛት በፊት አፈሩን ማስመርመር ይሻላል፤ አንዳንዴ የጎደለው ማዳበሪያ ሳይሆን ኖራ ሆኖ ይገኛል።

ከረሃቡ ሁሉ የከፋው በፍሬ ብዛት የሚመጣው ነው። ጥላ የሌለው ጎልማሳ ቡና ጥሩ ዝናብ ባገኘ ዓመት ከአቅሙ በላይ ያፈራል። ፍሬው ምግቡን ሁሉ ይስባል፤ ቅጠሉ ይረግፋል፤ ጫፉ ጠቁሮ ይደርቃል፤ ሥሩም ይጎዳል። ይህ በሽታ አይደለም፤ ተክሉ ራሱን ዕዳ ውስጥ የከተተበት ሁኔታ ነው። ከውጭ ሲታይ ግን እጅግ ያማረ ማሳ ይመስላል፤ ቀይ ፍሬ በባዶ ቅርንጫፍ ላይ ተደርድሮ ለፎቶግራፍ የሚሆን ነው። እርሻውን ለመሸጥ ያሰበ ሰው ገዢ የሚጋብዘው በዚህ ሳምንት ነው። ከርሞ ግን ማሳው የሚሰጠው ምርት ካለፈው ጋር የሚነጻጸር አይሆንም። ቡና አንድ ዓመት ሰጥቶ አንድ ዓመት ማረፉን ገበሬው ያውቀዋል፤ የከተማው ገንዘብ ግን ብዙ ጊዜ የሚመጣው የሰጠበትን ዓመት አይቶ ነው።

ከሁሉ የሚያስፈራው ሦስተኛው ምክንያት ነው፤ የቡና አጠውልግ በሽታ። ይህኛው ቅጠል በማርገፍ ብቻ አይመለስም፣ ተክሉን ይገድላል። መጀመሪያ አንድ ወገን ወይም አንድ ግንድ ብቻ ይጠወልጋል፤ ቅጠሉ ይገረጣል፣ ይጠቀለላል፣ ደርቆ ይረግፋል። ከዚያ ሌላው ወገን ይከተላል። ወጣት ተክል በሳምንታት፣ ጎልማሳው በወራት ውስጥ ይሞታል። በማሳው ላይ ሲታይ እንደ ረሃቡ እኩል አይሰራጭም፤ እዚህ አንድ፣ እዚያ ሁለት እግር ቡና እየደረቀ በዙሪያው ይሰፋል።

መለያው ቀላል ነው። በሚጠወልገው ግንድ ታችኛ ክፍል ላይ ቅርፊቱ በቢላዋ ሲፋቅ ከሥሩ ያለው እንጨት ነጣ ብሎ መታየት ሲገባው ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁር ወይም ቡናማ መስመር ይታይበታል። ይህ ከተገኘ የሚረጭ መድኃኒት የለም። ተክሉ ከነሥሩ ተነቅሎ እዚያው በቆመበት ቦታ መቃጠል አለበት፤ በማሳው ውስጥ እየጎተቱ ማውጣት በሽታውን መዝራት ነው። በጉድጓዱም ቢያንስ ለስድስት ወር ያህል ቡና አይተከልበትም። ከዋግ ጋር ያለው ልዩነት እዚህ ላይ ነው፤ እዚያ ማቃጠል ከንቱ ነው፣ እዚህ ግን ግዴታ ነው።

የአጠውልግ ሻጋታ የሚገባው በቁስል ነው። ቁስሉን የሚያደርሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ በአረም ጊዜ ግንዱን የሚመታው ገጀራና መቆፈሪያ ነው። ከታመመው ወደ ጤነኛው የሚያሻግረውም ያው መሣሪያ ነው። ስለዚህ በቀን ሠራተኛ በጥድፊያ የሚመነጠር ትልቅ እርሻ ከአንድ ገበሬ ጓሮ ይልቅ ይጋለጣል። በግንዱ ዙሪያ በእጅ ማረም፣ መሣሪያውንም ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ሲያልፉ በእሳት ወይም በበረኪና ማጽዳት ያዋጣል። ይኸው ሻጋታ በሌላ ዓይነቱ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ የዩጋንዳን ሮቡስታ ቡና ክፉኛ አጥቅቷል፤ ዐረቢካን የሚያጠቃው ዓይነት በኢትዮጵያ ውስጥ ያለው ነው። ግዢ ላይ ባለ እርሻ ውስጥ አሥር እግር ቡና በዚህ ታሞ ከተገኘ ድርድሩ ስለ ኩንታል መሆኑ ቀርቶ ስለ መሬቱ ራሱ መሆን አለበት።

የቀሩት ምክንያቶች ባጭሩ ይታለፋሉ። በቅጠሉ ላይ መሃሉ ነጣ ያለ፣ ዙሪያው ቡናማና ቢጫ የሆነ እንደ ዓይን ያለ ክብ ከታየ ሰርኮስፖራ የሚባለው ነው፤ የሚበዛውም ፀሐይ በሚበዛበትና ናይትሮጂን ባነሰበት ስለሆነ ጥላና ማዳበሪያ ይበቃዋል። ትልቅ ደረቅ ቡናማ ምልክት ሆኖ የላይኛው ሽፋን በጥፍር ሲላጥ ውስጡ ትናንሽ ትል ከተገኘ ቅጠል ቦርቧሪ ነው። ውኃ በተኛበት ዝቅተኛ ቦታ ብቻ የሚረግፍ ከሆነ ቦይ መቅደድ እንጂ ሌላ አያስፈልግም። ለደረቅ ቡና ቅርንጫፉን ከላይ እስከ ታች በእጅ እየሞሸለቁ የሚለቅሙበት ማሳ ደግሞ ከፍሬው ጋር ቅጠሉንና የከርሞውን እምቡጥ ይገፍፋል፤ እንዲህ ያለው ርግፈት የቅጠሉ አንገት ተቀድዶ ስለሚታይ ከበሽታ ይለያል፤ መድኃኒቱም የለቀማ ክፍያውን ማስተካከል ነው።

አንድ ስሕተት ደግሞ በተለይ በደላሎች ዘንድ ተዘውትሯል። ማንኛውንም የቡና ጉዳት «ሲ.ቢ.ዲ.» ማለት ነው። ሲ.ቢ.ዲ. እ.ኤ.አ. በ1971 ኢትዮጵያ ውስጥ የታየው የቡና ፍሬ በሽታ ሲሆን የሚያጠቃው አረንጓዴውን ፍሬ እንጂ ቅጠሉን አይደለም። ያን ጊዜ ከደረሰው ድንጋጤ በኋላ በጅማ ምርምር ማዕከል ተመርጠው የወጡት፣ ቁጥራቸው በ74 የሚጀምረው ዝርያዎች፣ የተመረጡት የፍሬውን በሽታ ስለሚቋቋሙ ነው። «በሽታ የማይነካው ምርጥ ዘር ነው የተተከለው» ሲባል የትኛውን በሽታ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ፍሬውን ከሲ.ቢ.ዲ. የሚያድን ዝርያ ቅጠሉን ከዋግ ያድናል ማለት አይደለም።

ወደ ሕክምናው ሲመጣ፣ ለዋግ የቆየው መድኃኒት መዳብ ነው። መዳብ የሚከላከል እንጂ የሚያድን አይደለም፤ ብናኙ ቅጠሉ ላይ እንዳይበቅል ያደርጋል፣ የገባውን ግን አያወጣም። ስለዚህ የሚረጨው ዝናቡ ሲጀምር ነው፤ ዝናብ ስለሚያጥበውም ይደገማል። መርጫው ወደ ላይ አቅንቶ የቅጠሉን ሥር ካላገኘ ገንዘቡ አፈር ላይ ፈሰሰ ማለት ነው። ወደ ቅጠሉ ውስጥ የሚሠርጉ ሌሎች ፀረ ሻጋታዎችም አሉ፤ እነዚህ በመጀመሪያ ደረጃ ላይ ያለውን ሕመም ሊገቱ ይችላሉ፤ ዋጋቸው ግን ከፍ ያለ ሲሆን በቡናው ላይ ቅሪት የመተው አደጋም አለባቸው።

የቅሪቱ ጉዳይ ለላኪው ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 ጃፓን ከኢትዮጵያ በገባ ቡና ላይ ከተፈቀደው በላይ የፀረ ተባይ ቅሪት አገኘሁ ብላ ቁጥጥሯን ስታጠብቅ ገበያው ለጊዜው ክፉኛ ተቀዛቅዞ ነበር። ጥርጣሬው በኋላ የወደቀው በማሳው ላይ ሳይሆን ቡናው በተጫነበት ጆንያ ላይ ነው። ይሁን እንጂ ከዚያ ወዲህ ገዢ አገሮች ምርመራውን አላላሉም። ቡናውን «የተፈጥሮ» ብሎ በምስክር ወረቀት የሚሸጥ ድርጅት ደግሞ አቅራቢው ምን እንደረጨ ካላወቀ አንድ ጄሪካን ኬሚካል ሙሉ ኮንቴይነር ሊያስመልስበት ይችላል። ስለዚህ ከመርጨት በፊት መጠየቅ ያለበት የኬሚካል ሻጩ ብቻ ሳይሆን ላኪውም ጭምር ነው።

በአብዛኛው ማሳ ላይ ግን ከኬሚካል ይልቅ መቀስና መጋዝ ይበልጥ ይሠራሉ። የተጨናነቀው ቅርንጫፍ ሲሳሳ ነፋስ ይገባል፣ ቅጠሉ ቶሎ ይደርቃል፣ ሻጋታው የሚበቅልበት ሰዓት ያጥራል። ጥላውም መጠነኛ ሲሆን ነው የሚጠቅመው፤ ጨርሶ ሲነሳ ተክሉ በፍሬ ይጎዳል፣ ሲበዛ ደግሞ እርጥበቱ አይለቅም። ያረጀና በተደጋጋሚ የተራቆተ ተክል ተጎንድሎ ከግንዱ አዲስ ቡቃያ ቢያወጣ ይታደሳል። ጉንደላ ግን ሁለት ዓመት ያህል ምርት ማጣትን ስለሚጠይቅ እርሻውን በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየዓመቱ በክፍል በክፍል መጎንደል የተለመደ ነው። አጠውልግ ባለበት ማሳ ደግሞ እያንዳንዱ የመጋዝ ቁስል በር ስለሆነ መሣሪያ ሳያጸዱ መጎንደል አደገኛ ነው።

በዝርያ በኩል ያለው ታሪክ ለገበያ ሰው የሚጥም ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ ከጌሻ አካባቢ የተወሰደ ዘር በኬንያ፣ በታንዛኒያና በኮስታሪካ በኩል ዞሮ ፓናማ የገባው ዋግን ይቋቋማል ተብሎ ነበር። ምርቱ አነስተኛ፣ ቅርንጫፉም ተሰባሪ ስለነበር ብዙዎች ችላ አሉት። እ.ኤ.አ. በ2004 በፓናማ ጨረታ ላይ ጣዕሙ ሲታወቅ በዚያን ጊዜ ያልተሰማ ዋጋ አወጣ፤ ዛሬም የዓለም ውድ ቡና ከሚባሉት አንዱ ነው። ለቅጠል በሽታ የተተከለ ዘር በስኒ ላይ ሀብት ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። በተቃራኒው ሆንዱራስ ዋግ አይነካውም ተብሎ በሰፊው የተተከለው ሌምፒራ የተባለው ዝርያ መከላከያው እንደተሰበረ እ.ኤ.አ. በ2017 ተገለጸ። ሻጋታው መልኩን ስለሚለዋውጥ «የሚቋቋም ዘር» የሚለው ቃል የጊዜ ገደብ ያለው ዋስትና ነው።

ቅጠሉና ዋጋው ያላቸውን ግንኙነት በሚመለከት እ.ኤ.አ. በ2012 እና በ2013 በመካከለኛው አሜሪካ የደረሰው ለነጋዴ ትልቅ ትምህርት አለው። ዋጉ ከጓቲማላ እስከ ኮስታሪካ ተዛምቶ መንግሥታት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ እስከማወጅ ደረሱ። ቅጠል መርገፉን ሰምቶ የቡና ዋጋ ይወጣል ብሎ የገመተ ሰው ግን አልተሳካለትም። በኒውዮርክ ገበያ እ.ኤ.አ. በ2011 ከ3 ዶላር በላይ ወጥቶ የነበረው የአንድ ፓውንድ ዋጋ በ2013 መጨረሻ ወደ 1 ዶላር ገደማ ወረደ፤ የብራዚል ምርት ከፍተኛ ስለነበር የሌሎቹን ጉድለት ሸፈነው። ዋጋው እንደገና ወደ 2 ዶላር አካባቢ የተመለሰው በ2014 መጀመሪያ ብራዚል ራሷ ድርቅ ሲመታት ነው።

ነገሩን የመረመሩት ባለሙያዎች ለወረርሽኙ ከአየሩ መለዋወጥ ጋር አንድ ሌላ ምክንያት ሰጥተዋል። ዋጋው ሲወርድ ገበሬው ማዳበሪያውንና ርጭቱን ቀነሰ፤ ያረጀውንም ተክል አላደሰም፤ የተዳከመው ቡና ዋጉን መቋቋም አቃተው። በሌላ አባባል ዘንድሮ በገበያ ላይ የወደቀ ዋጋ ከአንድና ከሁለት ዓመት በኋላ በማሳ ላይ ቅጠል ሆኖ ይረግፋል። በኢትዮጵያም ቢሆን ዋጋ ሳያረካው የከረመ አካባቢ ማሳው እንዴት እንደተያዘ ማየት የሚቀጥለውን አቅርቦት ለመገመት ይረዳል።

ለጎብኚው የሚሆነው አሠራር ብዙ ወጪ የለውም። ባለቤቱ ከሚያሳየው የመንገድ ዳር ተክል ወጥቶ በማሳው ውስጥ በመጠማዘዝ መሄድና ሠላሳ ያህል እግር ቡና መመልከት ነው። በእያንዳንዱ ላይ ከታች፣ ከመሃልና ከላይ አንዳንድ ቅርንጫፍ ተይዞ ስንት ቅጠል እንደቀረ፣ ጫፉ ሕያው ይሁን ደረቅ፣ በቅጠሉ ሥር ዱቄት መኖር አለመኖሩ ይመዘገባል። በሚጠወልገው ላይ ቢላዋ ማሳረፍም አይዘነጋም፤ ባለቤቱ ይህን ከከለከለ ያም ራሱ መልስ ነው። ጥርጣሬ ከቀረ የቅጠሉና የግንዱ ናሙና በወረቀት ተጠቅልሎ፣ ከየትኛው ማሳ እንደሆነ ተጽፎበት ለምርመራ ይላካል፤ በፕላስቲክ ከታሰረ ላብ ፈጥሮ ሻግቶ ስለሚደርስ ለምንም አይሆንም።

ውል ሲጻፍም ለከርሞ ቡና የሚሰጠውን ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት መክፈል ይቻላል። አንዱ ክፍል በፊርማው ጊዜ፣ ሁለተኛው ክፍል አበባው ወጥቶ ፍሬ መያዙ ከታየ በኋላ ይከፈላል። እርሻ ለሚገዛ ሰው ደግሞ የአንድ ዓመት ደረሰኝ አይበቃም፤ ቢያንስ የአራት ተከታታይ ዓመት የምርት መዝገብ፣ የተረጨው ኬሚካል ስምና ቀን፣ የተጎነደለውና የተነቀለው እግር ቡና ብዛት መጠየቅ አለበት። መዝገብ የሌለው እርሻ ሲሆን ጉብኝቱ በጥቅምት ብቻ ሳይወሰን ለቀማው ካለቀ በኋላ በጥርም ቢደገም ይመረጣል፤ ያን ጊዜ ፍሬው ስለሌለ ዓይን የሚያርፈው ቅጠሉ ላይ ነው።